የቢግ ቴን ሰንጠረዥ በ2024 ግማሽ ሲዝን ላይ፦ ይታመናል ወይስ አይታመንም?

ቢግ ቴን የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ኮንፈረንስ ስሙ አስር ይበል እንጂ በ2024 18 ቡድን ሆኗል፣ ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ፓክ 12 ከሚባለው የምዕራብ ጠረፍ ኮንፈረንስ ለቀው ገብተውበታል። ምስራቅና ምዕራብ የሚለው ምድብ ቀርቶ ሁሉም አንድ ሰንጠረዥ ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቡድን 9 የኮንፈረንስ ጨዋታ ይጫወትና ከላይ ያሉት ሁለቱ ዲሴምበር 7 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለዋንጫ ይገናኛሉ። የኦክቶበር 19 ጨዋታዎች ሲያልቁ ኦሪገንና ኢንዲያና 7ቱንም አሸንፈዋል፣ ፔን ስቴት 6 ከ6፣ ኦሃዮ ስቴት ደሞ ከ6 አንዱን ተሸንፏል። ክርክሩ ይሄ ሰንጠረዥ ማን ጎበዝ እንደሆነ በትክክል ያሳያል ወይ የሚል ነው። አንደኛው ተከራካሪ የኮሎምበስ ኦሃዮ ነዋሪና የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ነው፣ ሌላዋ የሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ።

ከኮሎምበስ፦

እኔ አያሳይም ነው የምለው። 18 ቡድን ካለ አንድ ቡድን 17 ተጋጣሚ አለው አይደል፣ የሚገጥመው ግን 9ኙን ብቻ ነው፣ 8ቱን ጭራሽ አያያቸውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ማንን አሸነፍክ መሆኑ ቀርቶ ማን ደረሰህ ሆኗል። ከላይ ያሉትን አራቱን ብቻ እንይ። ኦሃዮ ስቴት ኦሪገንን ገጥሟል፣ ኖቬምበር 2 ፔን ስቴት ሜዳ ድረስ ይሄዳል፣ ኖቬምበር 23 ኢንዲያና እኛ ጋ ይመጣል፣ ማለትም ሶስቱንም ይገጥማል። ኦሪገን፣ ፔን ስቴትና ኢንዲያና ግን እርስ በርስ አንድም ጨዋታ የላቸውም፣ አንድም! ታዲያ አንዱን እንጦጦ ዳገት ላይ ሌላውን ሜዳ ላይ አስሩጦ ሰዓታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄኛው ይፈጥናል ማለት ይቻላል እንዴ?

ኦክቶበር 12 ዩጂን፣ ኦሪገን ሜዳ ላይ የሆነውን ሁሉም አይቷል። 32 ለ 31 ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ፣ በሰው ሜዳ፣ አውትዘን ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው እየጮኸ፣ መጨረሻው ላይ 10 ሰከንድ ሲቀር ኦሪገን በ11 ፈንታ 12 ሰው ሜዳ ላይ አስገብቶ፣ ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ ሆኖ ያለቀው 4 ሰከንድ ግን ሳይመለስ ቀረ። ከቀናት በኋላ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ራሱ ክፍተቱን አይቶ ሰዓቱ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል ብሎ ደንቡን አስተካከለ። ለቀጣዮቹ ጥሩ ነው፣ ለኛ ግን ውጤቱ እንዳለ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ይሄ ሽንፈት ከየትኛውም ሽንፈት እኩል ነው የሚቆጠረው፣ አንዱ ቡድን የኮንፈረንሱን መጨረሻ በሜዳው ቢሸነፍም "1" ነው፣ እኛም "1"።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ ያ ጨዋታ እንዳመመህ ይገባኛል፣ ግን ኳርተርባካችሁ (ኳስ አከፋፋዩ) ዊል ሀዋርድ ኳሷን ይዞ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሰዓቱ ዜሮ ነበር፣ ከዛ በፊትም የናንተው ጄረማያ ስሚዝ ላይ የተጠራው ፋውል ቡድናችሁን ወደኋላ መልሶት ነበር፣ ስለዚህ የ4 ሰከንዷን ነገር ብቻ ነጥሎ ማውጣት ልክ አይመስለኝም። የኦሪገኑ ኳርተርባክ ዲሎን ጋብሪኤል እኮ 27 ያርድ ራሱ ሮጦ ተችዳውን አግብቷል። ኦሪገን ያን ቀን ሰርቶ ነው ያሸነፈው።

ዋናው ክርክሬ ግን ወዲህ ነው። ሰንጠረዡ አይታመንም ስትል ከምን ጋር አወዳድረህ ነው? ድሮ የነበረውን እናስታውስ። ከ2014 እስከ 2023 ምስራቅና ምዕራብ ተብሎ ሲጫወቱ የዋንጫውን ጨዋታ 10 ዓመት ሙሉ ምስራቅ ነው የወሰደው፣ ምዕራብ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ2023 አይዋ መጥቶ በሚሺጋን 26 ለ 0 ተሸነፈ፣ አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገባ። በ2022 ደሞ ፐርዱ 8 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ለዋንጫ ሲቀርብ የናንተው ኦሃዮ ስቴት 11 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፣ ለምን ቢባል ከሚሺጋን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ስለነበረ። ያ ነው እንጂ የሚዋሽ ሰንጠረዥ! ዘንድሮ ቢያንስ ጎበዝ ከሆንክ የትም ኑር የት ላይ ትወጣለህ። ፐርዱ አሁን የት እንዳለ እይ፣ ኦሪገን 35 ለ 0 አድርጎታል።

ከኮሎምበስ፦

የ2022ቱ እኔንም አናዶኛል፣ ምድቡ መቅረቱን አልቃወምም። ግን አንድ መጥፎ ነገር ስለጠፋ የመጣው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

እስቲ ስለ ኢንዲያና እናውራ ምክንያቱም የሰንጠረዡ ችግር እዛ ላይ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። በ2023 3 አሸንፎ 9 የተሸነፈ ቡድን ነው፣ ዘንድሮ 7 ለ 0፣ ማለትም 7 አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ማንን? ኤፍአይዩ፣ ዌስተርን ኢሊኖይ (ይሄ ጭራሽ ከታችኛው ዲቪዥን ነው፣ 77 ለ 3)፣ ሻርለት። ከኮንፈረንሱ ደሞ ዩሲኤልኤ ከ7 ጨዋታ 2 ብቻ ያሸነፈ፣ ኖርዝዌስተርን ከ7 3፣ ሜሪላንድ ከ7 4። ትንሽ ደህና የሚባለው ኔብራስካ ነው። እስካሁን ቶፕ 25 በሚባለው የአገር አቀፍ ደረጃ ውስጥ ያለ ቡድን አንድም አልገጠሙም። እኔ ልጆቹን እየናቅኩ አይደለም፣ ግን ይሄን ቡድን ከኦሃዮ ስቴት በላይ ያስቀመጠ ሰንጠረዥ ምን እየነገረኝ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እሺ ስለ ኢንዲያና እንነጋገር፣ እኔም እሱን ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ የናንተ ሶስት የኮንፈረንስ ውጪ ጨዋታዎች አክረን፣ ዌስተርን ሚሺጋንና ማርሻል ናቸው፣ ሶስቱም ኮሎምበስ ላይ። ስለዚህ ደካማ ገጠመ የሚለውን ክስ ለኢንዲያና ብቻ ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛ ማንን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን እንዴት አሸነፈ የሚለውም ይታይ። ኔብራስካ ወደ ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ሜዳ ሲመጣ ከ6 ጨዋታ 5 አሸንፎ ነው፣ 56 ለ 7 ተሸንፎ ሄደ። የኢንዲያናዎቹ ኳርተርባክ ከርቲስ ሮርክ አውራ ጣቱን ተጎድቶ ወጥቶ እንኳ ተቀያሪው ገብቶ ማግባታቸውን ቀጠሉ። የኔን ሜሪላንድ 42 ለ 28 አሸንፈውታል፣ ይሄ ነው እስካሁን በጣም የተቀራረበው ጨዋታቸው፣ 14 ነጥብ! በ7 ጨዋታ ውስጥ ደሞ አንድ ጊዜ እንኳ ተመርተው አያውቁም። ደካማ ቡድን የገጠመ ሁሉ እንደዚህ ያደርጋል? ፔን ስቴት ቦውሊንግ ግሪንን በስንት ጭንቀት ነው 34 ለ 27 ያለፈው፣ ያውም በሜዳው።

ኢንዲያና እስከ ዘንድሮ 2024 ድረስ በታሪኩ በከፍተኛው ዲቪዥን ውስጥ ካሉት ሁሉ በላይ ብዙ ጨዋታ የተሸነፈ ነው። ከ2024 በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ቢግ ቴንን የወሰደው በ1967 ነው፣ ከዘንድሮ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ 7 ለ 0 የጀመረውም ያኔ ነው። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መጥቶ የራሱን ተጫዋቾች ይዞ በአንድ ዓመት ይሄን ሲያደርግ ገና ለገና ስሙ ኢንዲያና ስለሆነ ብቻ አላምንም ማለት ለኔ ትልቅ በደል ነው የሚሆነው፣ ይሄው ማሊያ ላይ ሚሺጋን ወይ ኦሃዮ ስቴት የሚል ቢጻፍበት በሶስተኛው ሳምንት ቁጥር አንድ ይባል ነበር። በስም የሚሰጥ ክብር ነው ኮሌጅ ፉትቦልን ያበላሸው። ዘንድሮ ሚሺጋን የአምናው ሻምፒዮን ነው፣ በሜዳው በቴክሳስ 31 ለ 12፣ ከዛ ሲያትል ላይ በዋሽንግተን 27 ለ 17፣ አሁን ደሞ በኢሊኖይ 21 ለ 7 ተሸንፏል፣ ሰንጠረዡም እንደዛው ዝቅ አድርጎታል። ስም አያውቅም። የምወድለትም ለዚህ ነው።

ከኮሎምበስ፦

ስም አያውቅም፣ እሺ። ርቀትስ ያውቃል?

ይሄን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በአራቱ አዳዲስ የምዕራብ ጠረፍ ቡድኖችና በነባሮቹ 14 መካከል እስከ ኦክቶበር 19 16 ጨዋታ ተደርጓል፣ እንግዳው ቡድን ያሸነፈው 5 ብቻ ነው፣ 11 ጊዜ ተሸንፏል። ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የመጡት ከ8 2፣ ከምስራቅ የሄዱት ከ8 3። ዩኤስሲን ውሰጂ፣ አን አርበር በሚሺጋን 27 ለ 24፣ ሚኒያፖሊስ በሚኒሶታ 24 ለ 17፣ ኮሌጅ ፓርክ በሜሪላንድ 29 ለ 28፣ ሶስቱንም እየመራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው የተሸነፈው። አራተኛው ኳርተር ላይ እግር የሚከዳው ዝም ብሎ ነው? ሁለት ሶስት የሰዓት ቀጠና እያቋረጡ፣ ልጆቹ ደሞ ተማሪዎች ናቸው፣ ሰኞ ክላስ አለባቸው። ዋሽንግተን አርብ ማታ ሩትገርስ ሄዶ 21 ለ 18፣ አይዋ ሄዶ 40 ለ 16 ተሸነፈ፣ አሁን ደሞ ኢንዲያና ይሄዳል። ስለዚህ ማን የት ሄደ የሚለው ብቻውን ውጤት ይቀይራል፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን አይታይም። ይሄ ሁሉ የመጣው ደሞ ፎክስ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍሉ ስለተስማሙ ነው። ገንዘቡን የሚቀበሉት ሌሎች፣ አውሮፕላን ውስጥ የሚያድሩት ልጆቹ!

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የልጆቹ ድካም ላይ አልከራከርህም፣ እውነትህን ነው፣ በተለይ ክላስ ያልከው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊያስቡበት ይገባል።

ግን ኮሌጅ ፓርክ ላይ የሆነውን ለርቀት አሳልፌ አልሰጥም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሌጅ ፓርክ ጎረቤት ነው፣ የሰፈራችን ቡድን ነው፣ የብዙ ሐበሻ ልጆችም የሚማሩበት ነው። ዩኤስሲ በ14 ነጥብ ይመራ ነበር። የደከመ ቡድን መጀመሪያ ላይ እንደዛ አይጫወትም። ሜሪላንድ ተመለሰ፣ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ሲቀር ፊልድ ጎላቸውን (በእግር ለነጥብ የሚመቱትን ኳስ) ብሎክ አደረገ፣ ከዛ ሄዶ አግብቶ አሸነፈ። ይሄን የሰሩት ልጆች ናቸው እንጂ የሰዓት ልዩነት አይደለም። አንተ ራስህ የቆጠርከው ውስጥ ደሞ ኢንዲያና ፓሳዲና ድረስ ሄዶ ዩሲኤልኤን 42 ለ 13 ያሸነፈው አለ፣ ፔን ስቴት ሎስ አንጀለስ ላይ በእረፍት 20 ለ 6 እየተመራ በተጨማሪ ሰዓት 33 ለ 30 ያሸነፈው አለ፣ የፔን ስቴቱ ታይለር ዋረን ብቻውን 17 ኳስ ይዞ 224 ያርድ። ጎበዞቹ ሄደውም ያሸንፋሉ። ሰንጠረዡ ላይ ከላይ ያሉትም እነሱ ናቸው፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው የዋሸው?

ከኮሎምበስ፦

የት እንደሚዋሽ ልንገርሽ እህቴ። ፔን ስቴት ኖቬምበር 2 ቢያሸንፈን፣ ኢንዲያናም ኖቬምበር 23 ቢያሸንፈን፣ ሶስቱም ከኦሪገን ጋር እንደጀመሩ ቢጨርሱ፣ ሶስት ቡድን 9 ለ 0 ይሆናል። ኢንዲያናፖሊስ የሚሄዱት ሁለት ናቸው። ማን ይቀራል? እርስ በርስ አልተገናኙ። የጋራ ተጋጣሚ ቢባል ሁሉንም ስላሸነፉ አይለያቸውም። ከዛ የተጋጣሚዎቻቸው የኮንፈረንስ ውጤት ይደመራል፣ እሱም እኩል ከሆነ የአንድ ካምፓኒ የኮምፒውተር ነጥብ፣ እሱም ካልለየ ዕጣ! ደንቡ ላይ የተጻፈ ነው። አንድም ያልተሸነፈ ቡድን፣ ያንቺው ኢንዲያና ሊሆን ይችላል፣ በሂሳብ ከዋንጫ ይቀራል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ቢቀር የት ይሄዳል? ዘንድሮ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የአገር አቀፉ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ፣ የሚገባው 12 ቡድን ነው፣ 5 የኮንፈረንስ ሻምፒዮንና 7 ሌላ። ያልተሸነፈ የቢግ ቴን ቡድን ይገባል፣ ምናልባትም በራሱ ሜዳ ይጫወታል።

ከኮሎምበስ፦

ይገባል፣ ግን በ2024ቱ ደንብ የመጀመሪያው ዙር እረፍት ለሻምፒዮኖች ብቻ ነው፣ አራት ብቻ። አንድ ተጨማሪ ጨዋታ በዲሴምበር ቅዝቃዜ ማለት ቀላል አይደለም። እኔ የምፈልገው ይሄ ነው፦ ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ተጋጣሚው ያልታወቀ ሆኖ ይተው፣ ከላይ ያሉት አራቱ ውስጥ ያልተገናኙት ይገናኙበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የመጨረሻው ቅዳሜ ኖቬምበር 30 ነው፣ ሚሺጋን ከኦሃዮ ስቴት። እሱን ትለቃለህ?

ከኮሎምበስ፦

እሱን ማንም አይነካውም። ከሱ በፊት ያለው ቅዳሜ ይሁን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሱ በፊት ያለው እኮ ኖቬምበር 23 ነው፣ ኢንዲያና ኮሎምበስ የሚመጣበት ቀን! የምትጠይቀው ነገር ስኬጁሉ ላይ አለልህ።

ከኮሎምበስ፦

ለኛ አለ፣ ሁሌም ለኛ ነው ያለው። ኦሪገን በዛ ቅዳሜ ጨዋታ የለውም፣ እረፍት ነው። ፔን ስቴት ሚኒሶታ ይሄዳል። አንድም ያልተሸነፉ ሁለት ቡድኖች አንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ሆነው አንዱ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሌላው ሌላ ቦታ ይጫወታል። እኔ የምጠይቀው ያንን ጨዋታ ነው፣ ኦሪገን ከፔን ስቴት።