ናንዲዎች ንጉሥ አልነበራቸውም

ረጅም ርቀት ሩጫ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የኬንያዎቹ ስም ይዥጎደጎዳል፤ ኪፕላጋት፣ ኪፕኮኤች፣ ቼቤት፣ ቼሮፕ። «ሁሉም ኪፕና ቼፕ ናቸው እንዴ?» ብሎ ያልቀለደ ካለ እጁን ያውጣ። ኪፕ ለወንድ፣ ቼፕ ወይም ጄፕ ለሴት ከስም በፊት የሚገባ ነው፤ ቀሪው ሕፃኑ የመጣበትን ሰዓት ይናገራል። ኪፕላጋት ሲመሽ ተወለደ፣ ኪፕኮኤች ጎህ ሲቀድ፤ ቼቤት በቀን ተወለደች፣ ቼሮፕ ዝናብ ሲዘንብ። ስሞቹ ካሌንጂን በሚል የጋራ መጠሪያ የሚታወቁት የምዕራብ ኬንያ ደገኞች ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ፣ ዛሬ መዲናው ካፕሳቤት በሆነው አውራጃ የሚኖረው ሕዝብ፣ ናንዲ ይባላል።

ናንዲን የምናውቀው በእግሩ ነው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ባሸነፈበት በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የ1500 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው ኪፕቾጌ ኬይኖ ናንዲ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የአበበ ቢቂላን ገድል የደገመው ኤሊዩድ ኪፕቾጌም ናንዲ ነው። ሯጮቹ አገራቸው ሲገቡ በቅል የሚቀርብላቸውን ሙርሲክ የሚባል እርጎ ምናልባት በፎቶ አይተናል። እኛ የወተቱን ዕቃ በወይራ እንደምናጥነው፣ እነርሱ የቅሉን ውስጥ በጋለ እንጨት ፍም ያሹታል፤ እርጎው ግራጫ የሚመስለው በዚያ ከሰል ነው። እግራቸውንም እርጎአቸውንም አወቅን እንበል። ሸንጎአቸውን ግን አናውቅም።

ይህን ያነሣሁት ስለ አፍሪካ ጀግኖች በሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች፣ እንግሊዞች በ1905 የገደሉት ኮይታሌል አራፕ ሳሞኤይ «የናንዲ ንጉሥ» ተብሎ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። የአክብሮት ስያሜ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንግሊዞች የሠሩት ስሕተት በደግ ልብ ሲደገም ነው የማየው። ናንዲዎች ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ታሪካቸውም የሚገባን ይህን ስንቀበል ነው።

የአንድ ሰፈር ጉዳይ በኮክዌት ያልቃል። ኮክዌት ማለት ሰፈሩም ነው፣ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው የሰፈሩ የሽማግሌዎች ሸንጎም ነው። የድንበር ጠብ፣ የከብት ካሳ፣ የባልና ሚስት ክርክር እዚያ ይቀርባል፤ ተነጋግረው ሲስማሙ ነገሩ ተቆረጠ ማለት ነው። ብዙ ኮክዌቶች ተሰብስበው ፖሮሪየት ይሆናሉ፤ ጦር የሚዘምተው በፖሮሪየት ነው። ከዚያ በላይ ኤመት የሚባል አገር አለ። ከሁሉም በላይ በአዋጅ የሚገዛ ዙፋን የለም።

ታዲያ ኮይታሌል ምን ነበር? ኦርኮይዮት ነበር። ኦርኮይዮት የታላይ ጎሣ ሰው ነው፤ ዘሩ ከማሳይ የመጣ መሆኑን ናንዲዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ሥራው ትንቢት መናገር፣ ዝናብ ማምጣትና ዘመቻ መባረክ ነው። ይፈራል፣ ከዘመቻ ምርኮም ድርሻ አለው። ዳኛ ግን አይደለም። በእርግጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጉልበቱ እየጨመረ ነበር፤ ማኦቲክ የሚባሉ ወኪሎቹ በፖሮሪየቱ ሸንጎ ይቀመጡ ነበርና ጊዜ ቢያገኝ ወደ ንግሥና ያመራ ነበር የሚል ሰው ቢኖር አልጣላውም። ሊሆን ይችላል። ግን አልሆነም።

ማስረጃ ካስፈለገ የኮይታሌል አባት ኪምኞሌ አለ። በ1890 የገዛ ሕዝቡ በዱላ ቀጥቅጦ ገደለው። ክሱ የባረከው ዘመቻ በዕልቂት መመለሱና ከብቱን የፈጀው በሽታ ነበር። ያ በሽታ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ ጣልያኖች በምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች መጥቶ የአያቶቻችንን በሬ የጨረሰው፣ ዘመኑንም «ክፉ ቀን» ያሰኘው የከብት ደስታ ነው። በዚያ ዘመን እኛ ለንጉሥ አቤት አልን፣ እነርሱ የባራኪያቸውን ሒሳብ ወሰዱ። ኪምኞሌ ሳይሞት በፊት እሳትና ጭስ የሚተፋ የብረት እባብ ከምሥራቁ ውኃ ተነሥቶ በምዕራቡ ሐይቅ ጥሙን እንደሚቆርጥ ተናግሮ ነበር ይባላል። የእንግሊዞች ባቡር በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደረሰ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ንጉሥ ከሌለ አገሩን የሚይዘው ማን ነው? ትውልዱ። እያንዳንዱ ወንድ ሲገረዝ ኢቢንዳ በሚባል የዕድሜ ጓድ ውስጥ ይገባል፤ ማይና፣ ቹማ፣ ሳዌ፣ ኪፕኮይሜት፣ ካፕሌላች፣ ኪምኚጌ፣ ኞንጊ። ሰባት ናቸው፤ ሰባቱ ሲያልቁ ስሙ ከመጀመሪያው ይዞራል። በአንድ ዘመን አንዱ ጓድ ጦረኛ ነው፣ ከእርሱ በላይ ያሉት ሽማግሌ፣ ከእርሱ በታች ያሉት ልጅ። የገዳን ዙር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሲያስረክብ የናንዲው ርክክብ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው።

ርክክቡ ሳጌት አብ ኤይቶ ይባላል፣ የበሬው መታረድ። ወጣቶቹ ነጭ በሬ ገዝተው ኦርኮይዮቱ ባለበት ያርዳሉ። እያንዳንዱ ከቆዳው ትንሽ ቀለበት ቆርጦ በቀኝ እጁ ጣት ያጠልቃል። ከዚያ ምልክት ሲሰጥ ጦረኛ ሆነው የቆዩት የጦር ልብሳቸውን አውልቀው የሽማግሌ ፀጉር ካባ ይደርባሉ። ለተተኪዎቹ «የአገሩ ደኅንነት ከእንግዲህ በእጃችሁ ነው» ይባላል። በቃ። በአንድ ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጉልበት ያለው ልብሱን አወለቀ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የምቀናውን ቅናት አልደብቅም።

ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። የዚያ ጦረኛ ሥራ የጎረቤትን ከብት መዝረፍ ነበር። የሸንጎው ቃል የወንዶች ነበር፤ ልጃገረዶችም ይገረዙ ነበር፣ ይህን የኬንያ ሕግ በ2011 በቁርጥ ከልክሎታል። በሌላ በኩል ወንድ ልጅ ያልወለደች ሴት ከብት ከፍላ ሌላ ሴት የምታገባበት ወግ አላቸው። ሚስቲቱ ከወንድ የምትወልዳቸው ልጆች የከፋይዋ ልጆች ይሆናሉ፤ በሕግ «አባታቸው» እርሷ ናት። የመኝታ ነገር የለበትም፣ የውርስ ነገር ነው። በ2011 የሞምባሳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህ ወግ የተመሠረተን ቤተሰብ ወራሽነት ተቀብሏል። ሹመትም አባትነትም ከሰውየው ይልቅ የቦታው ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

እንግሊዞች ይህ ሁሉ አልታያቸውም። ከ1895 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ናንዲዎች ሲዋጓቸው፣ የቴሌግራፍ ሽቦውን ለጌጥ፣ የሐዲዱን ብሎን ለመሣሪያ ሲወስዱባቸው፣ የነገሩን አናት ፈለጉ፤ አናቱም ኮይታሌል መሰላቸው። ጥቅምት 19 ቀን 1905 ካፒቴን ሪቻርድ ማይነርትዛገን ኮይታሌልን ለዕርቅ ንግግር ብሎ ጠርቶ በጥይት ገደለው። ተጠይቆ ነፃ ወጣ፤ ከአገሩ ግን እንዲነሣ ተደረገ። ናንዲዎች ከባቡሩ መስመር ተገፉ፣ በኋላም ሻይ በመሬታቸው ላይ ተተከለ። ኮይታሌልን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ናንዲ ሂልስ ውስጥ የመታሰቢያ ቤት ቆሞለታል፣ የተዘረፉት በትሮቹም በ2006 ተመልሰዋል።

እኔ ግን ከ1905 ይልቅ 1923ን አስባለሁ። በዚያ ዓመት የሳጌት አብ ኤይቶ ተራ ደርሶ ነበር። ቀረጡ ከብዷል፣ ለነጭ ወታደሮች ተጨማሪ መሬት ተወስዷል፣ ለከብት በሽታ በወጣው እገዳ ምክንያት ገበያ የለም። የእንግሊዞቹ መንግሥት ያን ሁሉ ወጣት በአንድ ሜዳ ማየት ፈራ። በዓሉ ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጥቅምት 16፣ የኮይታሌልን ልጅ ባርሲሪያን አራፕ ማኜይን ከሽማግሌዎች ጋር አስሮ ወደ ሜሩ አጋዘው፤ በዓሉንም ከለከለ። ባርሲሪያን የተፈታው ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1964 ነው።

ሰውየው ተመለሰ። በዓሉ አልተመለሰም። ዛሬም የናንዲ ወጣት ኢቢንዳው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ስሙን ይነግራችኋል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ግን ልብሳቸውን በፊቱ አላወለቁለትም፣ በጣቱም ላይ የነጭ በሬ ቆዳ የለም።