እርማት፦ ቤት ለማየት ወኪል መያዝ ግዴታ አይደለም

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ የገዢ ወኪል ሳይዙና ውል ሳይፈርሙ የሚሸጥ ቤት ማየት ተከልክሏል» ያልከው ልክ አይደለም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። የአሜሪካ ሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ብሔራዊ ማኅበር የተከሰሰበትን ጉዳይ በስምምነት ሲጨርስ አሠራሩ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ለገዢ የሚሠራ ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ውል መያዝ አለበት። ግዴታው የወኪሉ ነው፤ ወኪል የሌለውን ሰው አይመለከትም።

«ኦፕን ሃውስ» (የሚሸጠው ቤት ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት) የሚል ሰሌዳ ካየህ ገብተህ ማየት ትችላለህ። በሌላ ቀን ከሆነ ለሻጩ ወኪል ደውለህ ቀጠሮ ጠይቅ፤ ሻጩን ብቻ ወክሎ እስካሳየህ ድረስ ያ ደንብ ውል አያስፈርምህም። የክፍለ ግዛትህ ሕግ ምን እንደሚል መጠየቁ ግን አይከፋም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በፈገግታ ተቀብሎ ክፍል በክፍል የሚያስጎበኝህ ሰው የሻጩ ሰው ነው። «እስከ ስንት ድረስ ትችላለህ?» ሲልህ የባንክ ብድርህን ጣሪያ ከነገርከው ለሻጩ እንደነገርከው ቁጠረው። በር ላይ የሚሰጥህ ወረቀትም አብዛኛውን ጊዜ የጎብኚዎች መመዝገቢያ ነው፤ ቢሆንም ሳታነብ ፊርማህን አታሳርፍበት።