አጎቴና ሦስት ማዳበሪያ ከሰል

ጎጃም ውስጥ ታመምክ ማለት ሰው አገኘህ ማለት ነው። ሌላ አገር በሽተኛ ሲጓጓዝ አልጋው ከመኪናው ወለል ጋር ይቆለፋል፣ ደረቱና ጭኑ በቀበቶ ይታሰራል አሉ። ምን ያህል ዘመድ ቢያጡ ነው! እኛ ቀበቶ ምን ያደርግልናል? ክንድ አለን።

አምና አጎቴ ከበቅሎ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። ሪፈር ተጽፎላቸው ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሲወጡ ነርሷ አስታማሚውን ሁሉ ሰብስባ መከረችን። "አስተኝታችሁ ውሰዷቸው። እግራቸው እንዳይታጠፍ በትራስ ደግፉት። ስታነሷቸው በብብታቸው እንዳትጎትቱ። መንገድ ላይ እየቆማችሁ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ደም እንዳይረጋ።" ሁላችንም "እሺ፣ እሺ" አልን። የእሺያችን ብዛት ብቻውን ያድናል።

አምቡላንስ እንጠይቅ ያለ አንድ ልጅ ነበር። "አምቡላንስ ለወላድ ነው!" ተብሎ ዝም አለ። ሚኒባስ በኮንትራት ተያዘ፤ አጎቴ ተኝተው እንዲሄዱ። ግን ባዶ መኪና መንዳት ግፍ አይደለም? ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ ተሳፈረና 12 ሰው በሚይዘው መኪና 15 ሆንን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አጎቴ ለ14 ሰው ጌጥ ሆኑ። መተኛው ሲሞላ ጋቢና ተሰጣቸው። "ነፋስም ያገኛሉ" ተባለ። እንዳይታጠፍ የተባለው እግር ዳሽቦርዱ ሥር ታጠፈ። ነፋስ የሚገባበት መስኮትም ብርድ እንዳይመታቸው ተዘጋ።

ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌራችን አራቱንም ፍሬቻ አበራ። ረዳቱ ነጭ ነጠላ በመስኮት አውለበለበ። ጥሩንባው አላቋረጠም። ከሐኪም ቤት ወጥተው ወደ አልጋቸው ለሚመለሱ ሰው! መራዊን እንዴት እንዳለፍናት እንጃ። መኪናው ጉብታ ላይ ሲዘል አጎቴ "እህ!" ይላሉ፤ ከኋላ 12 ሰው በአንድ ድምፅ "አይዞዎት!" ይላል። ማስታገሻችን ይኸው ነበር። የሐኪሙ ክኒንማ ከነወረቀቱ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ሻንጣው ጣሪያ ላይ።

በነገራችን ላይ እኛ ጀማሪ አይደለንም። ከዚያ በፊት ሌላ ዘመዳችንን ከነጉሉኮሷ አምጥተናታል። ጉሉኮሱ ከሹፌሩ መስታወት ላይ ከመቁጠሪያው ጎን ተሰቅሎ ነበር። ሲወድቅ አንዷ ጉልበቷ ላይ ይዛው ተቀመጠች። ከእጇ ዝቅ ሲል ደሙ ወደ ቱቦው ተመለሰ። "ጎሽ፣ መሥራት ጀመረ!" አልን።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆምን። ለቁርጭምጭሚቱ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢው፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ በዚያ አልፎ ከሰል አለመግዛት ነውር ነው። ሹፌሩ ሦስት ማዳበሪያ ገዛ።

የከሰሉን አጫጫን ብታዩ! ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ማዳበሪያዎቹን አጋደማቸው። አስተኛቸው ማለቴ ነው። እርስ በርስ እንዳይፋጩ በመሃል አሮጌ ካርቶን ጎዘጎዘ። ገመዱን አንዴ በቁመት፣ ሁለቴ በአግድም አሳለፈ። በእግሩ ረግጦ ስቦ ቋጠረ። ሸራ አለበሰ። ሹፌሩ አላመነም፤ ራሱ ወጥቶ ነቀነቀው። "ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል፣ አንድ ጨምርበት" አለ። አራተኛ ገመድ ተጨመረ። ጋቢና ያለው ቀበቶ ግን አቧራውን ለብሶ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ትራፊክ ሲታይ በትከሻ ጣል የሚደረግ ነው።

አባቶቻችን ኋላ ቀሮች ነበሩ። በሽተኛን ቃሬዛ ላይ አስተኝተው ያስሩ ነበር። አራቱ ሲሸከሙ ሌሎቹ ለመቀባበል ይከተላሉ። ዳገት ሲሆን የኋላዎቹ ከፍ ያደርጋሉ፤ ቁልቁለት ሲሆን የፊቶቹ። በሽተኛው እንደ ውኃ ልክ ተጋድሞ ይደርሳል። ጥሩንባ እንኳን አልነበራቸውም፣ ምስኪኖች።

ማርቆስ ስንገባ መሽቷል። ሹፌሩ መጀመሪያ ከሰሉን ላውርድ አለ፤ መንገዱ ላይ ነው ቤቱ። ሁለት ጎረምሶች ከታች እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። "ቀስ! ቀስ! እንዳይደቅ!" ይላል። አንድም አልተሰበረ። ከዚያ የእኛ በር ላይ ደረስን። አንዱ በቀኝ ብብት፣ አንዱ በግራ ብብት ገባና አጎቴን "ሆ!" ብለው አነሷቸው። የታጠፈው እግር ተንጠልጥሎ ተከተለ። አጎቴ ላባቸው ጠፍ አለ። ደጃፉ ላይ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ዞር አሉ።

"ከሰሉ ደኅና ገባ?" አሉ።