ሰም አይለቅም

የከተማዬ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። "አንተ ማን ነህና?" የሚለኝ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ። የራሴንም ድርሻ አላስቀርም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ እኛ ሰፈር ካለው ጭማቂ ቤት ደጃፍ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። የሞተ ሰው የለም። "ሟቹ" የማዶ ሰፈር እግር ኳስ ክለብ ነው፤ ያ ሐይቁ ዳር የሚለማመደው። ስሙን አልጠራም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ክለቡ መክሰሩን ያልሰማ አልነበረም። ተጫዋቾቹ የስምንት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም። የባንክ ሒሳቡ በዕዳ ታግዷል። የካምፑ አከራይ በሩን በሰንሰለት ቆልፎ ፍራሾቹን ደጅ ደርድሯቸዋል፤ ያውም በነሐሴ ዝናብ። የግራ ተከላካዩ ባጃጅ መንዳት ጀምሯል። በረኛው ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገብቷል። የመሳፈሪያውን ያዋጡለት የመናኸሪያ ልጆች ናቸው አሉ።

እኛስ ምን አደረግን? ድንኳን ጣልን።

የጭማቂ ቤቱን ሸራ ወጠርን፣ አግዳሚ ወንበር ደረደርን። አንዱ በውርርድ የበላውን የማዶ ማልያ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈው። ዓርማው አጠገብ ሻማ አቆሙበት። ቩቩዜላ እንደ ዕድር ጥሩምባ ተነፋ። ጃንጥላ ተዘቅዝቆ መሐል ተቀመጠ፤ አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ይወረውርበታል። ንፍሮ ሳይቀር ተቀቅሏል። አንዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ተነሣና ሙሾ አወረደ፦

ዕዳ ከየደጁ መጥቶ ቢያስጨንቀው፣
ሜዳ ላይ ቀረ አሉ ሜዳ ያደመቀው።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ደረት የሚመታ አለ። ስልኩን ደቅኖ የሚቀርጽ አለ።

ለቅሶ ቤት የውርስ ወሬ አይጠፋምና ወዲያው ወደ መሬቱ ዞርን። ሜዳው ከውሃው አጠገብ ነው። ኳስ ከጎሉ ጀርባ ካለፈ ደንገሉ ውስጥ ይገባል፤ መልሰው የሚወረውሩልን በታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። "ሪዞርት ነው የሚሆነው" አለ አንዱ። "ኧረ የሠርግ አዳራሽ ያዋጣል" አለ ሌላው። ደላላ ወዳጃችን ስልክ ደውሎ የካሬውን ዋጋ አጣርቶ መጣ። በዚህ መሐል ሁለት የማዶ ደጋፊዎች ደረሱ። አሁን ዱላ ይነሣል ስንል ቁጭ አሉ። ከዚያ እነሱም ካሬ ማስላት ጀመሩ! "በመንገዱ በኩል ያለው ይበልጣል እንጂ" ብለው ይከራከሩናል። በደርቢ ቀን አንድ ካፌ ሻይ የማንጠጣ ሰዎች በመሬት ዋጋ ተስማማን። ሁለቱ ሰፈሮች እንዲህ ሲግባቡ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ኦሞ የመጡት ያኔ ነው።

ጋሽ ኦሞ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ይኼን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ማልያ ሲያጥቡ ስላየ። ቅዳሜ ጨዋታ ከነበረ እሁድ ጠዋት ማልያው በቁጥር ተራ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ታገኙታላችሁ። አንዱ ቁጥር ከቦታው አይዛነፍም። እሳቸውም ደመወዝ ካዩ ስምንት ወራቸው ነው። ይኼን ማንም አልቆጠረላቸውም። ስለ ደመወዝ ሲወራ የሚወራው ስለ ተጫዋች ነዋ።

ካፊያ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያልፉ ሸራውን አዩ፣ አግዳሚውን አዩ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀውን አዩ። ቆሙ። ከጋቢው ሥር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ገቡና አስር ብር ጃንጥላው ውስጥ አኖሩ። እንደኛ አልወረወሩም፤ አኖሩ። ጫፍ ላይ ተቀመጡና "እግዜር ያጥናችሁ" አሉን።

ዝም አልን። ያኔ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ተነሥቶ "ጋሼ፣ ቀልድ ነው፤ ይቅርታ" ቢል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ንፍሮ ቀረበላቸው። ዘገን አደረጉ። ትንሽ ቆይተው አጠገባቸው ወዳለው ልጅ ጠጋ አሉና፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወራው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ማን ነው ያረፈው?" አሉት። ልጁ በአገጩ ወደ ጠረጴዛው አመለከታቸው። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ይረግሙናል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግሙን ይሻለን ነበር። ተነሥተው ወደ ማልያው ሄዱ። ሻማውን እፍ አሉት። "ማልያ ላይ ሻማ ይቆማል? ሰም እኮ አይለቅም" አሉ። ቁጣ አልነበረውም። ልጅ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ጭቃ ላይ ሲቀመጥ እናት እንደምትለው ዓይነት ነው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሰሙን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከዚያ አጠፉት፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ቁጥሩን ወደ ላይ። ጋቢያቸው ሥር ይዘውት ወጡ። አስር ብራቸውን አልወሰዱም።

ጃንጥላው ውስጥ የተጠራቀመውን ምን እንዳደረግንበት ታውቃላችሁ? ማታ የዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ከፈልንበት። በጋሽ ኦሞ አስር ብር የእንግሊዝ ኳስ አየን።

ወገኖቼ፣ ምን ነክቶን ነው? እኛ እኮ ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ነን። አሥር ዓመት የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ቀብር ላይ ይቆማል። መሰዳደብማ ያለ ነው። እኔም ማዶን ስሰድብ ነው ያደግሁት፤ ነገም አልተውም። ክለብ ሲሸነፍ መሳቅና ክለብ ሲጠፋ መሳቅ ግን ለየቅል ነው። ማዶ ከሌለ ደርቢው ከማን ጋር ሊሆን ነው? ደግሞ የኛውስ ክለብ ቢሆን የሁለት ወር ደመወዝ አለበት አይደል እንዴ? በማን ላይ ነው የምንስቀው?

ያን ማታ ከታዩት ቡድኖች አንዷ ብራይተን ነበረች። ብዙዎቻችሁ የምታውቋት የውርርድ ኩፖን ላይ ስትሞሏት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ልትጠፋ ትንሽ ነበር የቀራት። ጎልድስቶን የሚባለውን ሜዳዋን የክለቡ ኃላፊዎች ሸጠውባት ነበር። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 8 ቀን የሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች የየራሳቸውን ማልያ ለብሰው፣ የየራሳቸውን ስካርፍ ጠምጥመው ከየከተማው መጡና ከጎኗ ቆሙ። ብራይተንም ሃርትልፑልን 5 ለ 0 አሸነፈች። ሜዳውን አላዳኑትም፤ ፈርሶ ሱቅ ተሠራበት። ቡድኗም ሁለት ዓመት ጊሊንግሃም በሚባል ሌላ ከተማ ተሰድዳ ተጫወተች። ግን አልጠፋችም። ባላንጣ ቀብር ሳይሆን ሕመም ጥየቃ የሄደ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። እኛ ያቺኑ ብራይተን እያየን ነው በሰው ሕመም የሳቅነው።

የአገራችንንም ታውቁታላችሁ። ደደቢት በ2005 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። ዛሬ የደደቢትን ማልያ ለብሶ ሲያልፍ ያያችሁት ሰው አለ? ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ በላ፤ በ2014 ወረደ።

ስለ መሬቱ ያሰላነው ሒሳብ ደግሞ ከሥሩ የተበላሸ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ያ ሜዳ ክለቡ ከከተማው ተሰጥቶት የሚጫወትበት ነው እንጂ ሸጦ ዕዳ የሚከፍልበት ንብረቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ሜዳ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ልምምድ ይቀራል። ሣሩ ያድጋል፣ ከብት ይገባበታል። የአጥሩ ቆርቆሮ አንድ አንድ እያለ ይነቀላል። አንድ ሌሊት አሸዋ ይራገፍበታል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ "ክፍት ቦታ" የሚል ቃል ይሰፍራል። ፕላኑ ላይ ስፖርት የሚለው ተነሥቶ ሌላ ይጻፋል፤ ለሊዝ ጨረታ ይወጣል። ማንም አልሸጠውም። ባዶ ያደረግነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲያ የገዛ ሐይቃችንን ለማየት ማኪያቶ መግዛት ሊኖርብን ነው።

ሜዳ ማጣትን ለባሕር ዳር ሰው ማን ይነግረዋል? መጋቢት 2013 ብሔራዊ ቡድኑ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረታው እዚሁ ነው። መስከረም 2014 በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 የተሸነፈውም እዚሁ ነው። ወዲያው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ አያሟላም አለና ጋናን "በሜዳችን" የገጠምናት ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ። ያኔ ስንት ተናደድን። ካፍን ያልሰደበ አልነበረም። ለትልቁ ሜዳ ያለቀስን ሰዎች በትንሹ ሜዳ ለቅሶ ቀለድን።

አሁን ወደ ራሴ።

ያቺን ሙሾ የገጠምኳት እኔ ነኝ።

ነጠላ ያዘቀዘቀው ልጅ ከኔ ተቀብሎ ነው ያላት። ሌሊቱን ሳምጣት አድሬ ነው። "ሜዳ ላይ ቀረ" የምትለዋ ስትመጣልኝ፣ ሰሙም ወርቁም ሲገጥምልኝ፣ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ ልጆች በየመንገዱ አሏት። ያ የግራ ተከላካይ በሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪዎች ሲሏት ዝም ብሎ መንዳቱን ነገሩኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላም "ያንተ ናት አሉ፣ በርታ" ያለኝን ሰው አመስግኛለሁ። እዚህ ላይ "እኛ፣ እኛ" እያልኩ ስቆጣ የቆየሁት ጥፋቱን ለብዙ ሰው ሳካፍለው እንዲቀለኝ ነው። አልቀለለኝም።

መስከረም ላይ ጋሽ ኦሞ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ማልያው ላይ የጋዜጣ ወረቀት አንጥፈው በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ሙቀቱ ሲነካው ሰሙ ወደ ጋዜጣው ይመጣል። ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። "ትንሽ ቀረው" አሉ። ዓርማው አጠገብ የሳንቲም የምታክል ቅባት መሳይ ክብ ትታያለች። ለካ እየለቀቀ ነው፤ ግን ወር ሙሉ ነው የያዛቸው። ግድግዳው ሥር የቀሩት ማልያዎች በላስቲክ ተጠቅልለው በቁጥር ተደርድረዋል። ለማን እንደሚያስቀምጧቸው አልጠየቅኋቸውም።

ቡና ቀረበ። ሁለተኛውን ስንጠጣ፣ ሳላስበው፣ "ግጥሟ ግን ግሩም ነበረች" አሉኝ። በቃላቸው ወጧት። አንድ ቃል አልሳቱም። "ማን ይሆን የገጠማት? ሜዳ የሚያውቅ ልጅ መሆን አለበት።"

አፌን ከፈትኩ። "እንጃ ጋሼ" አልኩ።

ዶሮ ብቻ ነው ያልጮኸው።

ፊት ለፊት ያቃተኝን እንግዲህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ከመካከላችሁ የሚያገኛቸው ሰው ያንብብላቸው። አስር ብራቸውን በተመለከተ ሌላ ቀን ራሴ እሄዳለሁ።

እናንተን ገንዘብ አዋጡ አልላችሁም። አዋጥተን የት እንደገባ ያልታወቀ ስንት አለ። ዕዳውም በጃንጥላ የሚያልቅ አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኳስ ይዛችሁ ሜዳው ላይ ኑ። የኛም ሰፈር፣ የማዶም። ማልያ ለብሳችሁ ኑ፤ ከፈለጋችሁ እየተሰዳደብን እንጫወታለን። ሣሩ እንዳያድግ ብቻ። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አይደለም። የመጀመሪያው እሁድ ሦስት ነበርን። ባለፈው ስድስት ሆንን፤ ሁለቱ ባዶ እግራቸውን የመጡ ሕፃናት ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ያ ደላላ ወዳጃችን ነው። የመጣው ለኳስ ይሁን ካሬውን ሊያይ እስካሁን አልገባኝም። ግን ሮጧል፤ ላብ አልቦታል።

ወደ መጨረሻው ላይ እሱ የመታው ኳስ ከጎሉ በላይ ሄዶ ደንገሉ ውስጥ ገባ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አስጠግቶ አወጣውና ውሃውን አራግፎ ወረወረልን።

"ክለቡ ተመለሰ እንዴ?" አለ ከታንኳው ላይ።

"ገና ነው!" ብሎ ጮኸለት ከማዶ የመጣው ልጅ። ኳሷ ከብዳ ነበር። የመልስ ምት ነው፣ ማዕዘን ነው ብለን ትንሽ ተጨቃጨቅንና ቀጠልን።