የማኪያቶው ዳኛ

ሮም ደርሶ የተመለሰ ወዳጅ ያለው ሰው ማኪያቶውን በሰላም አይጠጣም። ባለፈው ሳምንት አስተናጋጇ ብርጭቆዎቹን ገና ሳታሳርፍ ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ማኪያቶ አይደለም» አለ። ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ማኪያቶ በጣሊያንኛ «ያደፈ» ማለት ነው፤ ቡናው በጠብታ ወተት ማደፍ ብቻ ነው ያለበት፤ እናንተ ግን ብርጭቆ ሙሉ ወተት ትጠጡና ማኪያቶ ትሉታላችሁ። ያንገበገበችኝ «እናንተ» የምትለዋ ናት። መቼ ነው እርሱ ከ«እኛ» የወጣው?

እዚህ አገር ማኪያቶ ወይ ጠቆር ይላል፣ ወይ ነጣ ይላል። ያደፈ አምጪልኝ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ከመውደዴም የተነሣ ሠርግ ላይም፣ ልቅሶ ላይም፣ የእድር ስብሰባ ላይም እጠቅሰዋለሁ፤ የእድራችን ጸሐፊ እጄን ሳወጣ ገና ማዛጋት ይጀምራል። ያዛጋ። ተረቱ ለመንገደኛ የተነገረ ይመስላል እንጂ ለቃላትም ይሠራል። ቃልም ወንዝ ይሻገራል።

ደግሞስ ሥር መቆፈር ከተጀመረ ሮም ካፌ ደጃፍ ላይ የሚያስቆም ምን አለ? ጣሊያንኛም ቃሉን ያገኘው ከላቲኑ «ማኩላ» ነው። ማኩላ ደግሞ ከጥንቱም አንድ ትርጉም ብቻ አልነበረውም፤ እድፍም ነበር፣ የመረብ ዓይንም ነበር። ላቲን ሲያልፍ ልጆቹ እንደ አባት ርስት ተካፈሉት። ስፓኝ እድፉን ወስዳ «ማንቻ» አለችው። ፈረንሳይ መረቡን ወስዳ «ማይ» አለችው፤ የሹራብ ጥልፍልፍ ማለት ነው። ከዚያው «ማዮ» የሚባለው ልብስ መጣ። በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር መሪው ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለብሰው ቢጫ ማዮ ይኸው ነው። ጣሊያኖችም ይህንኑ ከፈረንሳይ በኩል ተቀብለው «ማልያ» አሉት። እኛም ከጣሊያን ተቀበልን፤ ማሊያ።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ማሊያውን ለብሶ፣ ማኪያቶውን ይዞ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጠው ጎረምሳ የለበሰውም የሚጠጣውም ማኩላ ነው። ጎል ሲገባ ዘሎ ከተነሣና ብርጭቆው ከተደፋበት ደግሞ ሦስተኛው ማኩላ ደረቱ ላይ ያርፋል።

ስለ መደፋት ከተነሣ አይቀር፣ እኔም አንድ ነጭ ማሊያ ነበረኝ። ልብስ ንጽሕና መስጫ ሰጠሁት። ሳነሣው እድፉ አልጠፋም፤ እንዲያውም ጎረቤት አፍርቷል። ባለቤቱ ልብሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ከፋብሪካው የመጣ ነው» አለኝ። ከፋብሪካው! የአንገቱን ምልክት አስተካክሎ የሰፋ ፋብሪካ ደረቱ ላይ ቡና ደፍቶ ሊሸጥልኝ? ገንዘቡንም ሳያቅማማ ተቀበለኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ። ፖርቹጋሎች ይህን ያውቁታል። ከዚያው ከማኩላ «ማግዋ» የሚል ቃል አላቸው፤ እድፍ አይደለም፣ የልብ ሐዘን ነው፣ የማይለቅ ቅያሜ። ልብስ ላይ ያለውን ለሌሎች ትተው ልብ ላይ የቀረውን ነው የወሰዱት። ከወራሾቹ ሁሉ ብልህ እነርሱ ይመስሉኛል።

ጣሊያኖች ግን «ማኪያ»ን እድፍ ብለው አልተዉትም። ቁጥቋጦ የበዛበት ዱርም ማኪያ ነው። ይኸው ቃል ከኮርሲካ ወደ ፈረንሳይኛ ገብቶ «ማኪ» ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንን ለመውጋት ጫካ የገቡ ፈረንሳውያን የተጠሩት በዚህ ስም ነው። ጣሊያኖችም ሰው ሲሸፍት «ወደ ማኪያ ገባ» ይላሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን «ዱር ቤቴ» ብለው ሲወጡ አንድ የጣሊያን መኮንን ነገሩን በቋንቋው ለአለቃው ማስረዳት ቢፈልግ ይህ አባባል በእጁ ነበር። ይህን ለወዳጄ ነገርኩትና «ታዲያ በሥሩ እንዳኝ ካልክ አርበኛውንም ወደ እድፍ ገባ ልትለው ነው?» አልኩት። እርሱ ግን «እኔ ያነሣሁት ስለ ወተት ነው» አለና ቀሪውን ማኪያቶ ጨለጠው። የናቀውን መጠጥ አረፋ እንኳ አላስተረፈለትም።

እንዲህ ያለ ሰው አቢጃን መሄድ አለበት። በኮትዲቯር «ማኪ» ማለት ደጅ ላይ ወንበር የተደረደረበት ርካሽ ምግብ ቤት ነው፤ የተጠበሰ ዓሣ ከካሳቫ ከተሠራ አቼኬ ጋር ይቀርባል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። እዚያ ይቀመጥና ለባለቤቲቱ የቤቷ ስም ሥሩ እድፍ መሆኑን ያስረዳት። ምክሬ ዓሣው ከተበላ በኋላ እንዲያደርገው ነው።