የእግር መንገድም መንገድ ነው!

ወገን፣ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ ዛሬ ልተንፍሰው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ወዳሉት ኮረብታዎች የሚያወጡት የእግር መንገዶች እያለቁ ነው። አንዱ ይታጠራል። አንዱ ላይ ባህር ዛፍ ይተከልበታል። ሌላው የድንጋይ ካባ ይከፈትበትና ገደል ሆኖ ይቀራል። ጠያቂ የለም፣ መላሽም የለም። እኔ ግን አንጀቴ እያረረ ነው።

ከተማችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማለዳ ውርጩ ፊት ይልጣል። ሦስት ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ ወጣ ስትል፣ ለመራመድ እንደሷ የሚመች አገር ያለ አይመስለኝም። ከቤቶቹ ወጣ ብለህ የገብሱን ማሳ ዳር ዳሩን ይዘህ ብትሄድ፣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጉብታ ላይ ትወጣለህ። እግርህ የረገጠው ጦስኝ ይሸትሃል። ቀጋው ውስጥ ወፉ ይንጫጫል። መግቢያ አይከፈልበትም፣ መኪና አይፈልግም። ለተማሪው፣ ሌሊቱን ፋብሪካ ቆሞ ላደረው ሠራተኛ፣ ሐኪም “በእግርሽ ሂጂ” ላላት እናት፣ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

“ጫካ ካማረህ ወፍ ዋሻ ሂድ” የሚሉኝ አሉ። ወፍ ዋሻን ማን ይጠላል! ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ አስታውና ጅብራው። የመናገሻ ሱባ ጫካ እንኳ በዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገራል። ግን ወፍ ዋሻ በየሳምንቱ አይኬድም። የትራንስፖርቱ ዋጋ አለ፣ የጸጥታው ነገር አለ። እኔ የምፈልገው ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ በእግሬ ወጥቼ ለምሳ የምደርስበትን ኮረብታ ነው። እየተወሰደብን ያለው ደግሞ እሱ ነው።

ይሄ የሽርሽር ወዳጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነዚህ መንገዶች ገበያ ይኬዳል። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ውሃ ይቀዳል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሬሳም የሚሸኘው በነሱ ነው።

ሰሞኑን ያየሁትን ልንገራችሁ። ድሮ በሰፊው የምናልፍበት አንድ መታጠፊያ አለ፤ አሁን ከላይ እስከ ታች እሾሃማ ሽቦ ተወጥሮበታል። ሽቦው ላይ የበግ ጸጉርና የነጠላ ክር ተንጠልጥሏል። ሰውም ከብትም በግድ እየሾለከ እንደሚያልፍ ያስታውቃል። አንዲት እናት የእንጨት ሸክማቸውን አውርደው መጀመሪያ እሱን በሽቦው ሥር ገፉት። ከዚያ ራሳቸው በደረታቸው ተሳቡ። በዚያ ዕድሜያቸው! ሽቦውን ወደ ላይ ያዝኩላቸው። ቀና ሲሉ አቧራቸውን እያራገፉ “ልጄ፣ እኔ ተድሬ ስመጣ የተቀመጥኩባት በቅሎ በዚህ ነው የወጣችው” አሉኝ።

የሚጠብቀውን ልጅ ጠጋ ብዬ አነጋገርኩት። “ወንድሜ፣ እኔ ጠብቅ ተባልኩ እንጂ መንገድ አለበት ያለኝ የለም” አለኝ። በሱ አልፈርድም። መሬቱ ሲለካ በመሃሉ ሰው ያልፋል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ካርታው ላይ አራት ማዕዘን ተሰመረ፣ አለቀ። ስንትና ስንት ትውልድ የረገጠው መንገድ ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ እንደሌለ ተቆጠረ። የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ “ይሄ የኛ ሥራ አይደለም” ተባልኩ። የማን ነው ስል ወደ ሌላ ቢሮ መሩኝ። እዚያም ያው መልስ ነው። አስፋልት ቢቆፈር ከተማው በሙሉ ይጮኻል። የእግረኛ መንገድ ሲዘጋ ለምን ዝም ይባላል?

ለነገሩ እኮ አገሩን ያቀናው የእግር መንገድ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን ሲቆረቁር የትኛው አስፋልት ነበር? አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፣ ከአልዩ አምባ ገበያ አሞሌው ዳገቱን የወጣው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነው። ያንን ሁሉ ጭነት የተሸከመ መንገድ ዛሬ አንድ ሰው አላሳልፍ ሲል ያማል።

ባህር ዛፉንም ላንሳ። ገበሬው ባህር ዛፍ አይትከል አልልም። ልጁን የሚያስተምረው፣ ዕዳውን የሚከፍለው በሱ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የመጣ ዛፍ ነው፤ ማገዶአችንም ቤታችንም እሱ ነው። ግን መንገዱን ለምን? ግራና ቀኙን ትቶ መሃሉ ላይ መደርደር ለምን አስፈለገ? መንገዱ ሲጠፋ ሰው መሄዱን አያቆምም። ሌላ ያወጣል፣ የሚያወጣው ደግሞ ቀጥ ያለውን ቁልቁለት ነው። ድሮ መንገድ ያወጡት ሰዎች ዳገቱን እያጠማዘዙ ነበር የሚወጡት። የተጫነ አህያ እንዳይንገዳገድ፣ ጎርፉም ጉልበት እንዳያገኝ ነው። በቀጥታው መንገድ ግን የክረምቱ ውሃ እግራችንን ተከትሎ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀጭን ቦይ ይሆናል። በሁለተኛው ክረምት ጉልበት ይውጣል። ከዚያ ቦረቦር ነው፤ የታችኛውን ገበሬ ማሳ ይዞት ይሄዳል። ጉዳቱ መንገዱን ለዘጋው ሰው ጎረቤት ነው የሚተርፈው።

ካባውም እንደዚሁ። ከተማ እየተሠራ ነው፣ ድንጋይ ያስፈልጋል፣ ወጣቶች እንጀራ ያገኙበታል። ይሁን። ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱን አፉን ከፍቶ ጥሎ መሄድ ግን ምን የሚሉት ነው? ክረምት ውሃ ይሞላል። እረኞች ልጆች ይዋኙበታል። አጥር የለው፣ ምልክት የለው። ልጅ እስኪያልቅብን ነው የምንጠብቀው?

እኛ ከከተማ የምንወጣውም እንተዛዘብ። ኮረብታው ጫፍ ላይ በልቶ ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የውሃ ፕላስቲኩን እዚያው ጥሎ የሚወርድ አለ። ላም ፌስታል ብትበላ የሚከስረው ያ ገበሬ ነው። በኋላ ቢያጥር በምን አፋችን እንከራከረዋለን? እባካችሁ ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ውረዱ።

ደግሞ ይሄ የማይቻል ነገር አይደለም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል የሣር ምድር አለ። ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ በደንቡ መሠረት ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም፣ ጓሳን የሚጠብቀው ዛሬም ያው ማኅበረሰብ ነው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስካሁን አሉ። ሣር በደንብ ያቆየ ሕዝብ አንድ ቀጭን መንገድ ማቆየት እንዴት ያቅተዋል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚያጥር ይጠር፣ ግን ሁለት የተጫኑ አህዮች የሚያሳልፍ ክፍት ይተው። የሚተክል ይትከል፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይልቀቅለት። መሬት የሚለካ ባለሙያ ከመለካቱ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌ “በዚህ ማን ያልፋል?” ብሎ ይጠይቅ። ካባ የቆፈረ ይድፈን፣ ካልሆነም ይጠር።

እኔ ከሰፈሬ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሬ የተዘጉትን መንገዶች ጽፈን ቀበሌ ልናቀርብ ነው። ጠባሴ አካባቢ ያላችሁ፣ አንኮበር መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ደብረ ሲናም ሆናችሁ መሐል ሜዳ፣ የተዘጋባችሁ መንገድ ካለ ጻፉልኝ። ከየት ተነስቶ የት እንደሚያደርስ፣ ምን ላይ ሲደርስ እንደተዘጋ፣ ማን ማን ይሄድበት እንደነበር። ፎቶ ካላችሁም ጨምሩ። ክረምቱ ሳይገባ ነው ማስገባት የምንፈልገው።