በ58ኛው ቀን የሚመጣ ፌስታል

ትናንት ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። የጥብቅና ቢሮዬን ልዘጋ ስል አንድ አባት ጥቁር ፌስታል ይዘው ገቡ። ፌስታሉ ውስጥ የሦስት ዓመት ክርክር አለ። ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክር ቃል፣ ፍርዱ፣ ገሚሱ ዝናብ መትቶት የደረቀ። መጀመሪያ ያየሁት የፍርዱን ቀን ነው። ቆጠርኩ። 58ኛው ቀን ላይ ነን።

በፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚባለው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ቀርቷል ማለት ነው። ለምን እስካሁን ቆዩ ስላቸው፣ «የበፊቱ ጠበቃ ይግባኝ እንላለን ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ስልኩን አላነሳም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እዛ ፍርድ ቤት ሰው አለሽ አይደል?»

ይቺ ጥያቄ አንጀቴን ታሳርረኛለች። በየሳምንቱ እሰማታለሁ። ከነጋዴ፣ ከመምህር፣ ከገዛ ዘመዶቼ።

ሕግ ለመማር አምስት ዓመት። የመውጫ ፈተና፣ የፈቃድ ፈተና። ከዚያ ስድስት ዓመት ልደታ፣ መጀመሪያ ደረጃ ችሎት። ምስክር ማሰማት፣ ተለዋጭ ቀጠሮ፣ ዳኛ የለም ተብሎ መመለስ። ከዚያ ይግባኝ ላይ ብቻ ልሥራ ብዬ ወሰንኩ። በእኛ አገር የይግባኝ ጠበቃ የሚል የተለየ ፈቃድ የለም። መንገዱን ራስህ ነህ የምትጠርገው። መዝገብ ማንበብ ስለምወድ ገባሁበት። የ300 ገጽ መዝገብ አንብቤ ስህተቱ የተደበቀባትን አንዲት መስመር ሳገኝ የሚሰማኝን ደስታ በምንም አልለውጠውም።

ሰው ግን ይግባኝን ሌላ ዙር ይመስለዋል። «አዲስ ምስክር አግኝቻለሁ» ይለኛል። ወገኔ፣ ከሥር፣ ማለትም መጀመሪያ ባየው ፍርድ ቤት፣ ያልተነሳ ክርክር ይግባኝ ላይ አይነሳም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 329 በግልጽ ከልክሎታል። አዲስ ማስረጃም ቢሆን በጠባብ በር ካልሆነ አይገባም። ጠበቃህ ከሥር መቃወሚያውን ካላስመዘገበ እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ይግባኝ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ እዚያው ከሥር ነው፣ እኔ ፋይሉን ከማየቴ በፊት።

«ክርክሩ እኮ አልቋል፣ አንድ ማመልከቻ ነው የምትጽፊው» እያሉ ክፍያ የሚቀንሱም አሉ። ያቺ ማመልከቻ ሁሉ ነገር ናት! ፍርድ ቤቱ ቅሬታውን አይቶ ካላሳመነው፣ በአንቀጽ 337 መልስ ሰጪውን እንኳን ሳይጠራ ይዘጋዋል። የመጨረሻው ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት አለ ወይ ብሎ የሚያየው ሰበር ችሎት ላይም ያው ነው። 90 ቀን አለህ፣ ሦስት ዳኞች አቤቱታህን ያጣራሉ፣ ያስቀርባል ወይም አያስቀርብም ይላሉ። አያስቀርብም ከተባለ አምስቱ ዳኞች ፊት ሳትቆም አለቀ። የሦስት ዓመት ልፋት በጥቂት ገጽ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እሱን በሁለት ቀን ጻፊ ይሉኛል።

ባለፈው አንዲት እናት የሐራጅ ማስታወቂያ ይዘው መጡ። ይግባኝ ስላሉ ቤቱ የሚሸጥ አልመሰላቸውም። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈፃፀም አያቆምም፣ እግድ መጠየቅ አለበት። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ። በተሸነፋችሁ ቀን ለደንበኛችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ስጡት። ግልባጩን አውጡለት። የማትቀጥሉ ከሆነ በ5ኛው ቀን ንገሩት። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማስፈቀድ የጠበቃ ጥፋት በቂ ምክንያት እንደማይሆን የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 326 ይናገራል። እናንተ ስልክ ሳታነሱ ቤቱን የሚያጣው እሱ ነው።

ወደ አባባ ልመለስ። ቆመው እያለ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ቤት ገዝተዋል፣ በመንደር ውል። የሥር ፍርድ ቤቱ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት አልተደረገም ብሎ ፈራሽ አድርጎታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ነው፣ ሰበርም በመዝገብ ቁጥር 21448 ያጠበቀው ነገር ነው። ይሄን ያየ ሰው ፌስታሉን አስሮ ይመልሳል። እኔ ግን የሻጩን መልስ ገለጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሻጩ መሸጡን አልካደም። «ቀሪ ገንዘብ አልተከፈለኝም» ነው ያለው። ሻጭ መሸጡን ካልካደ በፎርም ጉድለት ብቻ ውሉ አይፈርስም ያለ የሰበር ውሳኔ አለ። ፍርዱ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ልቤ ዘለለች።

«አባባ፣ እዛ ሰው የለኝም። ግን እዚህ ገጽ ላይ ነገር አለዎት። ዛሬ አድሬ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «ሰው ከሌለሽ ምን ይሆናል ልጄ» አሉ። ወረቀታቸውን አንድ በአንድ ሰብስበው ፌስታሉ ውስጥ መለሱ። «አንድ የውስጥ ሰው አውቃለሁ ያለኝ ደላላ አለ» ብለው ወጡ። ስልካቸውን እንኳን አልተቀበልኩም።

ትናንት ማታ አልተኛሁም። ዛሬ ሙሉ ቀን በሩን ሳይ ዋልኩ። ነገ ዓርብ 60ኛው ቀን ነው። አባባ፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅ ካለዎት፣ ቅሬታውን ከማስታውሰው ጀምሬዋለሁ። ፌስታሉን ይዘው ይምጡ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነኝ።